ያልታየውን ጋዝ መቁጠር፦ ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ እስከ ካሉብ

ከቆሰበር ተነስቶ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የአባይን በረሃ ሲወርድ የአገሩን ከርሰ ምድር በመኪና መስኮት ያየዋል። ከአፋፉ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ሼል፣ ወደ ወንዙ ሲቀርብ ደግሞ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ተነባብሯል። ቆሰበር ባለችበት በአገው ምድር ግን ዓይን የሚያገኘው የላዩን ብቻ ነው። ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ እስከ ዳንግላ ሜዳ ድረስ እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ሁሉንም ከድኖታል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በኦጋዴን ያው አሸዋ ድንጋይ ጋዝ ይዞ ተገኝቷል። ዛሬ መንግሥት መጠኑን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ይለዋል። ቀደም ብሎ 4 ትሪሊዮን ይባል ነበር፤ ከዚያ በፊት አኃዙ ራሱ አልነበረም። ጋዙ በነዚህ ዓመታት አልጨመረም፤ የተለወጠው የአቆጣጠሩ መንገድ ነው። የዚህ ትረካ ጉዳይም እሱ ነው፦ ማንም ያላየውን ነገር ኢትዮጵያ በየዘመኑ እንዴት ለካችው?

1860 ዓ.ም.፦ ስም ያገኙ ንጣፎች

ታሪኩ የሚጀምረው ነዳጅ ፈላጊ ሳይኖር ነው። ጄኔራል ናፒየር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ከጦሩ ጋር አንድ የድንጋይ ሊቅ አብሮ ነበር። ዊሊያም ብላንፎርድ ይባላል፤ የሕንድ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባ ነው። ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራትና በእንጣሎ በኩል እስከ መቅደላ ሲጓዝ እሱ የገደሉን ድንጋይ ንጣፍ በንጣፍ ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ከታች ያለውን የአሸዋ ድንጋይ በአዲግራት፣ ከላዩ ያለውን የኖራ ድንጋይ በእንጣሎ ስም ጠራቸው። ከሁለቱም በላይ የተደፋውን እሳተ ገሞራዊ ድንጋይም በአሸንጌና በመቅደላ ስም ከፋፈለው።

ሥራው የጦርነት ትርፍ ቢሆንም ኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረት ጣለ። ንጣፎች ስምና ቅደም ተከተል ሲያገኙ አንድ ቦታ ላይ የታየውን ሌላ ቦታ ላይ መጠበቅ ይቻላል። ማንኛውም የከርሰ ምድር ሞዴል፣ የኮምፒውተሩም ጭምር፣ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ የትኛው ንጣፍ ከየትኛው በታች ነው? «አዲግራት አሸዋ ድንጋይ» የሚለው ስም ዛሬም በአባይ በረሃ ካርታም በኦጋዴን የጉድጓድ መዝገብም ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከ1927 እስከ 1949 ዓ.ም.፦ ውል ከልኬት ሲቀድም

ነሐሴ 1927 ዓ.ም.። የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ድንበር ተደርድሯል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፍራንሲስ ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ ደላላ የአገሪቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን የነዳጅ መብት ለ75 ዓመታት ሰጡ። ከሪኬት ጀርባ የነበረው የአሜሪካው ስታንዳርድ ቫኪዩም ኩባንያ ነው። በመሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ የለካ ሰው አልነበረም። ንጉሡ የፈለጉትም ዘይቱን ሳይሆን ዘይት ፈልጎ የሚመጣውን መንግሥት ነበር፤ የአሜሪካ ጥቅም ባለበት መሬት ጣሊያን እንዳሻው አይገባም በሚል ስሌት። ዋሽንግተን ግን ኩባንያውን ተጭና ውሉን በቀናት ውስጥ አስፈረሰችው። ከወር በኋላ ወረራው ተጀመረ።

ከነፃነት በኋላ ያው ስሌት በሌላ መልክ ተመለሰ። የካቲት 1937 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ጋር በግብፅ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ የ50 ዓመት የፍለጋ መብት አገኘ። ኦጋዴን ያኔ ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። ስለዚህ የሲንክሌር መኪኖች በኦጋዴን መታየታቸው ለአዲስ አበባ የሉዓላዊነት ምስክር ጭምር ነበር።

ሲንክሌር በዓመታት ሥራው ጥልቅ ጉድጓዶች ቆፈረ፤ ለገበያ የሚበቃ ነገር ሳያገኝ በ1940ዎቹ ማብቂያ ወጣ። በኩባንያ ዓይን ኪሳራ ነው። ለአገሪቱ ግን የመጀመሪያው እውነተኛ ልኬት ነበር። ደለል ድንጋዩ በኦጋዴን ሥር ብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚወፍር፣ ብላንፎርድ በሰሜን ተራራ ላይ ያያቸው ንጣፎችም እዚያ ተቀብረው እንዳሉ በመቆፈሪያው ጫፍ ታወቀ።

ከ1960 እስከ 1969 ዓ.ም.፦ ካሉብ

በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተቋቋመ። በኦጋዴን ከጀርመኑ ኤልቬራት ቀጥሎ የአሜሪካው ቴኔኮ ፍለጋውን ያዘ። የቴኔኮ መሣሪያ ሳይስሚክ ነበር። መሬቱ ላይ ንዝረት ይፈጠራል፤ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከየንጣፉ እየነጠረ ሲመለስ የደረሰበት ጊዜ ይመዘገባል። ከብዙ መስመር ልኬት ንጣፎቹ የት ላይ ጉብ እንዳሉ ይታወቃል። ጋዝ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የማያሳልፍ ክዳን ያለው ጉብታ ካገኘ ግን እዚያው ይጠራቀማል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሽላቦ አካባቢ በተቆፈረው ካሉብ ቁጥር 1 ጋዝ ተገኘ። በዓመቱ ሂላላ ተከተለ። ጋዙን ከያዙት ድንጋዮች አንዱ አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ሌላው ከእሱ በታች የሚገኝና በቦታው ስም ካሉብ የተባለ አሸዋ ድንጋይ ነው። በሁለቱ መካከል ቦክ ሼል የሚባል ጥቁር የጭቃ ድንጋይ አለ። ቅጠል በቅጠል የተነባበረ፣ በጥንት ሐይቅ ውስጥ የረገፈ የሕይወት ቅሪት ያመቀ ድንጋይ ነው። ጂኦሎጂስቶች ለካሉብ ጋዝ እናት አድርገው የሚቆጥሩት እሱን ነው።

ሼሉ ጋዙን አመነጨ፤ አሸዋ ድንጋዩ አጠራቀመው። በዚያ ዘመን ግን የሚቆጠረው የተጠራቀመው ብቻ ነበር። ከሼሉ ሳይወጣ የቀረውን ጋዝ ማውጣት ስለማይቻል መጠኑን ለማወቅ የተጨነቀ አልነበረም።

ግኝቱ የመጣው በክፉ ሰዓት ነው። የካሉብ ዜና ከሶማሊያ ጋር የነበረውን የድንበር ፍጥጫ አባባሰው። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ በ1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ቴኔኮ ጉድጓዱን ደፍኖ ሄደ። «አሜሪካኖች አግኝተው ደበቁብን» የሚለው ወሬ ለዓመታት ሲነገር የኖረው ከዚህ ተነስቶ ነው። የተደበቀ ነገር ግን አልነበረም። አንድ ጉድጓድ የሚነግረው አንድ ነጥብ ላይ ያለውን ነው፤ ጋዝ መኖሩ ታወቀ እንጂ ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሚበቃ መረጃ ገና አልተሰበሰበም።

ከ1970 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ የወረቀት ካርታ

ቀጣዩ ሥራ ለሶቪየት ኅብረት ደረሰ። የሶቪየት የነዳጅ ፍለጋ ቡድን በ1970ዎቹ ካሉብና ሂላላ ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈረ። ዓላማው አዲስ ግኝት ሳይሆን የተገኘውን መስክ ዳር ድንበር ማወቅ ነበር፦ ጋዙ በስተሰሜን የት ያበቃል፣ በስተደቡብ ውኃው የት ይጀምራል?

ስሌቱ በመሠረቱ ቀላል ማባዛት ነው። የንጣፉ ስፋት በውፍረቱ ይባዛል። ከዚያ ውስጥ ስንት እጁ ባዶ ቀዳዳ እንደሆነ፣ ከቀዳዳውም ስንት እጁን ውኃ ሳይሆን ጋዝ እንደያዘው ይታሰባል። በመጨረሻም ጥልቀቱ ላይ በግፊት የታመቀው ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደሚሰፋ ይታከላል። ችግሩ ማባዛቱ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ብዜት የሚገባው ቁጥር ነው። የተዘጋ ጎተራ ውስጥ ያለውን እህል በዘንግ ወግቶ እንደመገመት ነው፤ ዘንጉ ባረፈበት እርግጠኛ ነህ፣ በመካከሉ ያለውን ግን ታስበዋለህ። መሐንዲሶቹ በጉድጓዶች መካከል ያለውን ክፍተት በእጅ በተሳለ መስመር ይሞሉት ነበር፤ ለመላው መስክም አንድ አማካይ የቀዳዳ መጠን ይወስዱ ነበር።

ለዓመታት የተለመደው አኃዝ ከዚህ ዘመን ሥራ የተወረሰ ነው፦ ለካሉብ 2.7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ወደ 76 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፤ ሂላላ ሲጨመር ወደ 4 ትሪሊዮን። በ1978 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 ደግሞ ለውሎቹ ሕጋዊ ማዕቀፍ ሰጠ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሶቪየት ኅብረትም በዚያው ዓመት ማብቂያ ግድም መፈራረስ ጀመረች። የቀረው ጉድጓድና ወረቀት ነው።

በዚሁ ዘመን አንድ ሌላ ሥራ በጸጥታ ተሠርቶ ነበር። ጂኦሎጂስቱ ጌታነህ አሰፋ የአባይን በረሃ ንጣፎች እየለኩ እ.ኤ.አ. በ1981 በአዲግራት አሸዋ ድንጋይና በእንጣሎ ኖራ ድንጋይ መካከል ያለውን የጂፕሰም፣ የሼልና የዶሎማይት ንጣፍ ጎሐ ጽዮን ብለው ሰየሙት። ቆይተውም የተፋሰሱን ድንጋዮች ነዳጅ የማመንጨት አቅም መረመሩ። ወሎ ውስጥ ወረኢሉ አካባቢ ዘይት ከመሬት ሲመነጭ መታየቱ ጥያቄውን የምሁር ብቻ እንዳይሆን አድርጎታል። ኦጋዴንን ብቻ ሲያይ የኖረው የነዳጅ ፍለጋ ዓይን ወደ ሰሜን ምዕራቡ ደጋም መዞር ጀመረ።

ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም.፦ ሦስተኛው ልኬት

የኢትዮጵያ ወረቀት መደርደሪያ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ የሌላው ዓለም አቆጣጠር ከሥሩ ተለወጠ። ሐሳቡ የተወለደው አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ደቡብ አፍሪካዊው መሐንዲስ ዳኒ ክሪገ በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ላይ አንድ ነገር አሳየ፦ ሁለት ናሙናዎች ሲቀራረቡ ይመሳሰላሉ፣ ሲራራቁ ይለያያሉ፤ ይህ ርቀት በስሌት ከገባ በመካከላቸው ያለው ግምት ይስተካከላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦርዥ ማትሮን ለዘዴው ንድፈ ሐሳብ አበጀለትና በክሪገ ስም ክሪጊንግ አለው። እዚያው ፈረንሳይ ናንሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ጎካድ የተባለው ፕሮጀክት የተጣመሙና የተሰነጠቁ ንጣፎችን በኮምፒውተር ውስጥ በሦስት ልኬት መገንባት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ የዋለው የኖርዌዩ ፔትሬል ሶፍትዌር ሥራውን ለኩባንያዎች የዕለት መሣሪያ አደረገው።

በአዲሱ ዘዴ ከርሰ ምድሩ በሺህና በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትናንሽ ሕዋሳት ይከፈላል። እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ጥልቀት፣ የቀዳዳ መጠንና የጋዝ ድርሻ አለው። ጉድጓድ ያለፈበት ሕዋስ የተለካውን ይይዛል፤ የቀሩት ከሳይስሚክ ምስሉና ከጎረቤቶቻቸው ይገመታሉ። ዋናው ለውጥ ግን ምስሉ ማማሩ አይደለም። ኮምፒውተሩ ከተለካው ጋር የማይጋጩ ብዙ ሞዴሎችን ስለሚያወጣ ውጤቱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ክልል ሆነ፦ ዘጠና በመቶ እርግጠኛ የሚሆኑበት ዝቅተኛ መጠን፣ መካከለኛው፣ አሥር በመቶ ብቻ ተስፋ የሚጣልበት ከፍተኛው። ድሮ ባለሙያው በልቡ ይዞት የነበረው ጥርጣሬ በሰነድ ላይ መጻፍ ጀመረ።

ከ1986 እስከ 1999 ዓ.ም.፦ እጅ በእጅ የዞረ መስክ

በአገር ቤት በ1986 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለካሉብ ልማት ብድር ፈቀደ፤ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ የቆዩት ጉድጓዶች እንዲታደሱ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ውል እየተፈረመ ፈረሰ። የማሌዢያው ፔትሮናስ መጥቶ ካሉብና ሂላላን ጨምሮ ሰፊ ቦታ ያዘ።

ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች አቦሌ በሚገኘው የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ አደጋ ጣሉ። 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። የሦስት ልኬት ሞዴል የሚመገበው በሜዳ ላይ ሰው በሚሰበስበው መረጃ ነው፤ ሰው ሜዳ መውጣት ሲፈራ ሞዴሉም ይራባል። ፔትሮናስ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ቦታውን የተረከበው ፔትሮትራንስም እ.ኤ.አ. በ2012 ፈቃዱን ተነጠቀ።

1998 ዓ.ም.፦ ከባዛልቱ ሥር

ዓይኖች ሁሉ ኦጋዴን ላይ ባሉበት በዚያው ወቅት የሦስት ልኬት ሞዴል ወደ አገው ምድር ደጃፍ ደረሰ። ባዛልት ለሳይስሚክ አስቸጋሪ ነው፤ ድምፁን በትኖ ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል። ስለዚህ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጣና ሐይቅ ዙሪያ ማግኔቶቴሉሪክ የሚባል ሌላ መንገድ ሞከሩ። ዘዴው በተፈጥሮ በምድር ውስጥ የሚመላለሰውን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ይለካል። ደለል ድንጋይ ከባዛልት ይልቅ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና ልዩነቱ ይያዛል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤታቸው ከባዛልቱ በታች ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚወፍር ደለል ድንጋይ የሞላበት የሜሶዞይክ ዘመን ተፋሰስ እንዳለ አመለከተ። በአባይ በረሃ ተገልጦ የሚታየው ታሪክ በጣና ሥርም ተቀብሮ ኖሯል ማለት ነው። ዳንግላና ቆሰበር ከሐይቁ በስተደቡብ ምዕራብ በዚሁ የባዛልት ክዳን ላይ የተቀመጡ ናቸው።

ሞዴሉ የተናገረው ግን ስለ ድንጋዩ እንጂ ስለ ጋዝ አይደለም። ደለል መኖሩ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው። ቅሪት ያመቀ ሼል መኖር አለበት፤ ሼሉ በትክክለኛው ሙቀት መብሰል አለበት። አገው ምድርን የመሰለ ብዙ እሳተ ገሞራ ያለፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ የበሰለ ሼል ጋዙን አጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም.፦ የሼል ትኩሳትና ትምህርቱ

በቴክሳስ የጆርጅ ሚቼል ኩባንያ ባርኔት የተባለውን ሼል ለዓመታት ሲታገል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 በከፍተኛ ግፊት ውኃ ድንጋዩን ሰንጥቆ ጋዙን በአዋጭ ወጪ ማውጣት ቻለ። ከዚያ ወዲህ እናት የነበረው ድንጋይ ራሱ መስክ ሆነ። አቆጣጠሩም ተወሳሰበ፤ በሼል ውስጥ ጋዙ ከፊሉ በቀዳዳ ነፃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከፊሉ በቅሪቱ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሞዴሉ ሕዋስ የቅሪት ካርቦን መጠን፣ የብስለት ደረጃና ድንጋዩ ለመሰንጠቅ ያለው ባሕርይ ያስፈልጋል። ሁሉም ታውቆም የሚወጣው ከጠቅላላው ጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ ከሩብ የማይርቅ ነው።

የችኮላ ግምትን ዋጋ ፖላንድ ከፈለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ መሥሪያ ቤት የፖላንድን ሊወጣ የሚችል የሼል ጋዝ 5.3 ትሪሊዮን ሜትር ኩብ ብሎ ገመተ። በዓመቱ የፖላንድ ጂኦሎጂ ተቋም የቆዩ ጉድጓዶችን መዝገብ አገላብጦ ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው አለ። ኤክሶንሞቢል ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ወጣ። በአሜሪካ ራሷም እ.ኤ.አ. በ2014 የካሊፎርኒያው ሞንተሬይ ሼል ሊወጣ የሚችል ዘይት ግምት በ96 በመቶ ተቀነሰ። በሁለቱም ቦታ መሬቱ አልተለወጠም። ከሌላ ቦታ ሼል ተውሶ የተሞላው ቁጥር በራሱ ድንጋይ ቁጥር ሲተካ ነው ግምቱ የወረደው።

የዚያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. የ2013 የዓለም የሼል ጥናት 41 አገሮችን ሲያካትት ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። በፖላንድ የሆነው ሲታይ ቸኩሎ ያልተሰጠ ቁጥር ጉዳት የለውም።

ከ2006 እስከ 2018 ዓ.ም.፦ ከግምት ወደ ማረጋገጫ

ኅዳር 2006 ዓ.ም. የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ካሉብና ሂላላን ተረከበ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በቀን 450 በርሜል የሙከራ ድፍድፍ ዘይት መውጣት መጀመሩን አስታወቁ። ጋዙን በጅቡቲ በኩል ለመላክ የታቀደው ቧንቧ ግን ሳይሠራ መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ከኩባንያው ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ወሳኝ እርምጃ ተወስዶ ነበር። የማዕድን ሚኒስቴር ኔዘርላንድ ስዌል የተባለ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ቀጠረ። የዚህ ዓይነቱ ድርጅት ሥራ ጋዝ መፈለግ አይደለም፤ የተሰበሰበውን የጉድጓድና የሳይስሚክ መረጃ መርምሮ ባንክ የሚቀበለው ማረጋገጫ መስጠት ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አኃዝ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ፣ ወደ 198 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሆነ። አገሪቱ ከፈቃድ ጠያቂው ኩባንያ የተለየ፣ ራሷ ያስጠናችው ቁጥር በእጇ ገባ። የድርድሩ ሚዛን የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሻጭ የዕቃዋን ልክ ከገዢው ብቻ መስማት የለባትም።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በካሉብ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የሚያመርተው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ለጎዴ የታቀደው የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካም ጋዙን ከዚያው በቧንቧ ሊወስድ ነው። ምዕራፉ ሲመረቅ ካሉብ ቁጥር 1 ከተቆፈረ 52 ዓመት ሆኖት ነበር።

የአገው ምድር ገበሬ ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያውን ጥቅም የሚያየው ምናልባት በማዳበሪያ ኬሻ ነው እንጂ ከእግሩ ሥር በሚወጣ ጋዝ አይደለም። የጣናው ሞዴል ድንጋይ አሳይቷል፤ ካሉብ ግን ድንጋይ ከማሳየት እስከ ማምረት ምን ያህል ጉድጓድና ምን ያህል ዓመት እንደሚወስድ አስተምሯል። ነገ አንድ ኩባንያ ወይም ባለሥልጣን በአባይ ተፋሰስ ሥር ይህን ያህል ትሪሊዮን ጋዝ አለ ቢል የሚጠየቀው ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ አይደለም። ከስንት ጉድጓድ እንደመጣ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት ምን ያህል እንደሚራራቁ ይጠየቃል። ጉድጓድ የሌለው ቁጥር ከሪኬት ውል የሚሻል ዋስትና የለውም።